የስኳር ሕመም ያለበት ልጅዎ ትምህርት ቤት ሳለ የደም ስኳሩ ቢወርድ፦ ለመምህሩ ጽፈው የሚሰጡት
ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ ድንገት ከተነጫነጨ ወይም ከፈዘዘ ወዲያው ይለካ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ 3 ሞላ ያሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር (15 ግራም ገደማ) በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያጠጡት። ቸኮሌት አይሆንም፤ ቅባቱ ስኳሩ ቶሎ ደም ውስጥ እንዳይገባ ያዘገየዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ። ሲስተካከል ዳቦ ይብላ። ብቻውን ወደ ቤትም ሆነ ወደ መጸዳጃ ፈጽሞ አይላክ።

ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡ፤ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ ያስተኙት፣ ግሉካጎን (የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) ካለ ይወጋ፣ በፍጥነት ሆስፒታል ያድርሱት።

ብዙ ጊዜ የሚወርደው ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ቁርሱን ሳይጨርስ ሲወጣ ወይም ከስፖርት በኋላ ነው። ስኳሩ ከቦርሳው ሌላ በመምህሩ ጠረጴዛም ይቀመጥ።