ዴድሊፍት ሦስተኛዋ ላይ ሲበላሽ፦ ችግሩና መፍትሄው

ዴድሊፍት፣ ማለትም ከባድ ብረት ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም፣ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲሠራ የመጀመሪያዋና ሁለተኛዋ ማንሳት ያምራሉ። ሦስተኛዋ ላይ ወገብ ይጎብጣል፣ ብረቱ ከቅልጥም ይርቃል፣ ዳሌ ቀድሞ ይነሳል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ጂም ውስጥ አዘውትሬ የማየው ይህንን ነው። ሰውየው ወዲያው «ወገቤ ደካማ ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ወገቡ ሳይሆን በመሃል አለማረፉ ነው።

ምክንያቱ አየር ነው። ከባድ ብረት ስናነሳ ሳንባ ውስጥ የታመቀው አየር ሆድን ወጥሮ አከርካሪን ይደግፋል። አንዴ የተሳበ አየር ግን ለአምስት ማንሳት አይበቃም። እያመለጠ ይሄዳል፤ ሦስተኛዋን በላላ ሆድ ትጀምራላችሁ። ብረቱን መሬት አንጥራችሁ የምታነሱ ከሆነ ደግሞ ለመስተካከል ፋታም የላችሁ።

መፍትሄው ይኸው፦ ብረቱ መሬት ላይ ጸጥ ይበል። ልቀቁት። ቀና ብላችሁ አንድ ሁለት ጊዜ ተንፍሱ። ተመልሳችሁ ያዙ፤ ሆዳችሁ በፊትም በጎንም እስኪወጠር አየር ሳቡ። ከዚያ ባሩን፣ ማለትም ክብ ክብደቶቹ (ዲስኮቹ) የሚገቡበትን ዘንግ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ወጥሩት። ከዲስኩ ቀዳዳ ጋር ሲገናኝ «ቋ» ይላል። ያንን ሳትሰሙ አታንሱ! ለዚህ ሁሉ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል። ክብደቱ ከአቅማችሁ ጣሪያ ከተጠጋ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ውሰዱ። በዙር መካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ።

አንድ ደብረ ማርቆስ ያለ ልጅ 140 ኪሎ ለአምስት ሲሞክር ሁሌ ሦስተኛዋ ላይ ይጎብጥ ነበር። ቀበቶ ገዛ። አጥብቆ ታጠቀው፤ አሁንም ጎበጠ። ቀበቶ የሚጠቅመው ሆድ ሲገፋው ነዋ! «ሁለተኛዋ ላይ ልቀቀውና ቁም» አልኩት።

«ጋሼ፣ እንዲህማ አምስት አይባልም። አምስት ጊዜ አንድ ነው» አለኝ።

«ይሁን፤ አንዱን አምስት ጊዜ አሳምረህ አንሳ።»

አምስቱም አንድ ዓይነት ወጡ። ኩንታል የሚጭን ወዛደርም እኮ አንዱን አውርዶ ሳይተነፍስ ሌላውን አይሸከምም።

ሌላው ስህተት አጎንብሶ ማረፍ ነው። ባሩን እንደያዙ ጀርባን አላልተው ያለከልካሉ፣ ከዚያ በድንገት ይመነጭቁታል። ወገብ የሚቀጨው እዚህ ላይ ነው። እባካችሁ ተዉት።

ከላይ ብረቱን ይዞ ቆሞ ማረፍ፦ መዳፍ ይከፈታል። አውርዱት።

ማዞር፦ ትንፋሽ ረጅም ጊዜ ታፍኗል፤ በየመሃሉ አስወጡ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ክብደት ቀንሱ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ አይመለስለትም፣ እረፍቱን ያስረዝም። የደም ግፊት ያለበት ሐኪም ሳያማክር ትንፋሽ አፍኖ ከባድ ብረት አያንሳ።

እግር ላይ የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ፦ አቁሙ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አርፋችሁም ወገባችሁ ከጎበጠ ዲስኩን ለኩ። ደረጃውን የጠበቀ ትልቁ ዲስክ ስፋቱ 45 ሴንቲሜትር ነው፤ ባሩ ከመሬት 22.5 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ብየዳ ቤት በግምት የተቆረጠው ግን ከዚያ ያንሳል፤ ባሩ ዝቅ ስለሚል ሰውን አለልክ ያጎነብሳል። ገንዘብ ተቀብሎ እንዲህ ያለ ዲስክ የሚያስነሳ ጂም ያናድደኛል። በሁለቱም በኩል ከዲስኮቹ ሥር እኩል ውፍረት ያለው ጣውላ አንጥፉ። ጣውላው ሰፊ ይሁን፣ አይወዛወዝ። ወለሉ ዘቅዛቃ ከሆነም ስትለቁት ብረቱ እንዳይንከባለል ከዲስኩ ሥር ሽብልቅ አስገቡ።