ጀማሪ ቲቸሮች፣ መጀመሪያ ቅጽል ስማችሁን እወቁ

ዘንድሮ አስተማሪነት የደረሳችሁ ልጆች፣ መቼም የት ተመደብክ ስትባሉና ትምህርት ቤት ስትሉ ሰዉ "አይዞህ ያልፋል" ይላችኋል፣ ልክ ለቅሶ ሊደርሳችሁ የመጣ ነው የሚመስለው። ተዉት ይበል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስት አመቴ ነው፣ ደሞዙ ወር አያደርስም እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን ሳልስቅ የዋልኩበት ቀን ትንሽ ነው።

በመጀመሪያ ቅጽል ስማችሁን ፈልጋችሁ አግኙ። ወጥቶላችኋል፣ አትጠራጠሩ። እኔ ስራመድ ጫማዬን እጎትታለሁ መሰለኝ "ፍሪክሽን" ብለውኝ ነበር፣ ፍትጊያ ማለት ነው፣ የሰማሁትም በሦስተኛው ሳምንት "ፍሪክሽን መጣ ግቡ ግቡ" ሲባባሉ ነው። ደሜ ፈላ፣ ማን እንዳለ አውጥቼ ላንበርክክ ምናምን ብዬ አሰብኩና፣ ቆይ ግን ስሙ ልክ ነው እኮ አልኩ። ምዕራፉ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ፍሪክሽን ብዬ ጻፍኩና ዞር ብዬ "ዛሬ ስለ ራሴ ነው የማስተምራችሁ" ስላቸው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዛ ጫማዬን መጀመሪያ ደረቁ ሲሚንቶ ላይ ጎተትኩ፣ ቀጥሎ ውሃ አፍስሼበት ጎተትኩ፣ የቱ ቀለለ ለምን አልኳቸው። የዛን ቀን ከኋላ የሚተኙት ሁሉ ቆመው ነበር የሚያዩት።

ስም ቶሎ ያዙ ደሞ። መስፈርቱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በክፍል 40 ተማሪ ይላል፣ እኔ 68 ነበሩኝ፣ የአቀማመጥ ካርታ በወረቀት ስላችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፣ "17 ቁጥር ተነስ" የተባለ ልጅ ቀልዳችሁም አያስቀው።

አሁን ዋናው፣ ሳቁ በናንተ ላይ ይሁን እንጂ በልጅ ላይ እንዳይሆን። ይሄን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። አንድ ልጅ የቤት ስራህስ ስለው "ቲቸር ደብተሬን በሬ በላው" አለኝ፣ እኔም ምን አፌን እንደበላኝ እንጃ "ታዲያ በሬው ነዋ የሚፈተነው" አልኩ፣ ከት ብለው ሳቁበት። በማግስቱ የተረፈውን ግማሽ ደብተር ይዞ መጣ። ጠርዙ ታኝኳል፣ የደረቀ ለሃጭ ላይ ጭድ ተጣብቋል፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦት ምንም ሳይናገር ሄዶ ተቀመጠ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ያዋረድኩት ክፍሉ ፊት ስለሆነ ቢሮ ጠርቶ ይቅርታ ማለት አይሰራም፣ እሱም እሺ አለ ግን ከዛ በኋላ እጁን ማውጣት ተወ።

ፈተና ስታርሙ ለብቻችሁ አታርሙ፣ ከጓደኛ ጋር ሻይ ቤት ሁኑ፣ እንደሱ አይነት ሳቅ የትም የለም። የኒውተንን የመጀመሪያ ሕግ አስረዱ ብዬ አንዷ "የተኛ ነገር ካልገፉት አይነሳም፣ እንደ ወንድሜ" ብላ በአማርኛ ጽፋለች። ከዘጠነኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው መማር ያለባቸው፣ ግን ገብቷታል አልገባትም? ገብቷታል። ማርኩን ሰጥቼ ከስሩ በእንግሊዝኛው ጻፍኩላትና ሦስቴ ገልብጠሽ አምጪ አልኳት፣ ወንድሟን ጨምራ ገልብጣ መጣች።

ዓላማ የሚባለው ነገር ላይ ደሞ አንድ ምክር አለኝ፣ ስንት ልጅ አለፈ በሚለው ቁጥር ላይ አትንጠልጠሉ። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበት፣ ውጤቱ ጥር 2015 ላይ ሲወጣ 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስታፍ ውስጥ ማንም ቡናውን አልጨረሰም፣ እኔም ልለቅ ነው ብዬ ሲቪ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ያቆየኝ የእቅድ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ነው። በየቀኑ ከመውጣቴ በፊት ያየሁትን አንድ ነገር እዛ ላይ በአንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ትልቅ ነገር መሆን የለበትም፣ ምንም ከሌለ ደሞ "ዛሬ ምንም" ብላችሁ ጻፉ፣ እኔ ብዙ "ዛሬ ምንም" አለኝ።

ግንቦት 6 ላይ እንዲህ ይላል፦ ባለ በሬው ልጅ እጁን አወጣ፣ መልሱ ስህተት ነው።