ፎርሙላ ዋን ሳይጀመር «ዘንድሮ የእነሱ ነው» ከማለታችሁ በፊት

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የባርሴሎናው ሙከራ (ቡድኖች ከውድድሮቹ በፊት አዲስ መኪናቸውን የሚፈትሹበት) ሲያልቅ ከሰንጠረዡ አናት ላይ የተቀመጠው የፌራሪው ሹፌር ሴባስቲያን ቬትል ነበር። የመርሴዲሱ ሃሚልተን የቀረው በ0.003 ሰከንድ ብቻ ቢሆንም፣ የፌራሪ ነገር ልቤን ስለሞላው ከጓደኛዬ ጋር የአንድ ወር ማኪያቶ ተወራረድኩ። በመጀመሪያው ውድድር ሜልቦርን ላይ የመርሴዲሱ ቦታስ አሸነፈ፤ ቬትል 57 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ አራተኛ ገባ። መርሴዲስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ውድድሮች በሙሉ አንደኛና ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። እኔም ማኪያቶዬን ከፈልኩ።

ትልቁ ስህተት ይሄው ነው፦ የሙከራ ሰዓትን እንደ ፈተና ውጤት ማንበብ። መኪናው ውስጥ ስንት ኪሎ ነዳጅ እንዳለ ቡድኑ አይነግራችሁም። 10 ኪሎ ነዳጅ በአንድ ዙር 0.3 ሰከንድ ገደማ ይበላል። አንዱ 20 ኪሎ፣ ሌላው 80 ኪሎ ይዞ ከወጣ በሁለቱ መሃል ሁለት ሰከንድ የሚጠጋ ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህ ደግሞ በፎርሙላ ዋን የሰማይና የምድር ርቀት ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ ስንት ተለቆለታል? ጎማው ለስላሳ ነው ጠንካራ? ሰዓቱ የተያዘውስ መቼ ነው? ሙከራ የሚደረግባት ባህሬን ከአዲስ አበባ ጋር ሰዓቷ አንድ ስለሆነ ለእኛ ለማሰብ ይቀላል፦ ቀትር ላይ አስፋልቱ ይግላል፣ ጎማው ይንሸራተታል፣ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ግን ይቀዘቅዛል። የባህሬን ውድድርም የሚካሄደው በምሽት ስለሆነ የቀትሩን ሰዓት ከምሽቱ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

እኔ አሁን የማየው ሌላ ነገር ነው። አንድ መኪና ሳይቆም 15 ወይም 20 ዙር ሲሄድ ሰዓቱ በየዙሩ ምን ያህል እየረዘመ ነው? ጎማውን እየበላ ነው ወይስ እየተንከባከበ? ደግሞ የሹፌሩን እጅ ተመልከቱ። መዞሪያው መሃል ላይ መሪውን ደጋግሞ የሚያርም ከሆነ፣ ሰዓቱ ቢያምርም መኪናውን አላመነውም።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው። ብልጥ የሆንን መስሎን ፈጣን ሰዓት ባየን ቁጥር «ማስመሰል ነው» እንላለን። እውነት ነው፣ ማስመሰል አለ። በ2001 የፕሮስት ቡድን በቅድመ ውድድር ሙከራ ፈጣን ሰዓት እያስመዘገበ ሰውን ካስደመመ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ያገኘው 4 ነጥብ ነው። ግን በ2009 ሆንዳ ጥሎት የሄደው ቡድን ብራውን ጂፒ ተብሎ፣ ስፖንሰር በሌለው ነጭ መኪና መጋቢት ላይ ብቅ ሲል ብዙ ሰው «ስፖንሰር ፍለጋ ነው» ብሎ ሳቀ። ሹፌራቸው ጄንሰን በተን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን ወሰደ፣ የሹፌሮቹም የቡድኖቹም ዋንጫ የእነሱ ሆነ። ያ መኪና እኮ በአንድ ጀንበር የተሠራ አይደለም፤ ሆንዳ በ2008 ተስፋ ቆርጦ ጉልበቱን አስቀድሞ ወደ ቀጣዩ ዓመት መኪና አዙሮ ነበር። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ይህን ታሪክ አያየውም።

ሦስተኛው፣ ለዓይን በሚያምረው ነገር መፍረድ። በ2022 መርሴዲስ ባህሬን ላይ የመኪናውን የጎን አካል ከሞላ ጎደል አጥፍቶ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ተንጫጫ። አንዳንዱ «አለቀ፣ ዋንጫውን ስጧቸው» አለ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! በዚያ ዓመት ሕጉ ተቀይሮ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው የአየር ኃይል በአብዛኛው የሚመነጨው ከወለሉ ስር ሆነ። ወለሉ ደግሞ ፎቶ ላይ አይታይም። መርሴዲስ በቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ፈረስ እየዘለለ ሹፌሮቹን ወገባቸውን አሳመማቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነው፣ ያውም ብራዚል ላይ በሹፌሩ ራስል። ባለሙያዎቹ ምን እንደሚያዩ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሞናኮ 2023ን አስታውሱ፦ የሹፌሩ ፔሬዝ ሬድ ቡል መኪና ተጋጭቶ በክሬን ሲነሳ ካሜራው ሁሉ የተረባረበው የመኪናው ወለል ላይ ነበር።

ቡድኖች ከሙከራው በፊት «አዲሱ መኪናችን» ብለው በምረቃ የሚያሳዩትንማ ጭራሽ እርሱት። በ2022 ሬድ ቡል ለምረቃ ያሳየው ቀለም የተቀባ የማሳያ ሞዴል ነው። እውነተኛው መኪና በዚያው ዓመት 17 ውድድር አሸነፈ።

ብልሽትንም አትቸኩሉበት። በ2014 ሬድ ቡል በስፔኑ የሄሬዝ ሙከራ ላይ በአራት ቀን 21 ዙር ብቻ ነው የሄደው። «ዘንድሮ ቀብራቸው ነው» ተባለ። ግን ሹፌሩ ሪካርዶ ሦስት ውድድር አሸንፎ ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ማክላረን ከሆንዳ ሞተር ጋር እንዲሁ ሲበላሽ ከረመ፣ እሱ ግን በ27 ነጥብ ዘጠነኛ ሆነ። ልዩነቱ ምንድነው ካላችሁኝ፣ የሬድ ቡል መኪና መሠረቱ ጥሩ ነበር፤ ዋናው ጣጣ ሞተሩና ማቀዝቀዣው አካባቢ ስለነበር በጊዜ ተቃለለ። የሆንዳው ሞተር ግን ከነአካቴው ጉልበት አጥሮት ነበር። ስለዚህ ስንት ጊዜ ቆመ ሳይሆን ለምን ቆመ በሉ።

የመጨረሻው ስህተት በየካቲት ያያችሁትን መኪና እስከ ኅዳር እንደዛው ይቀጥላል ብሎ ማሰብ ነው። በ2023 አስተን ማርቲን ከቁብ ሳይቆጠር መጥቶ ሹፌሩ አሎንሶ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ውድድሮች ስድስት ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ገብቶ መድረክ ላይ ወጣ፣ እኔ ራሴ እንደ እብድ ስጮህ ነበር፣ ግን ቡድኑ ዓመቱን የጨረሰው አምስተኛ ሆኖ ነው። ማክላረን ደግሞ በዚያው ዓመት በመጀመሪያው ውድድር ባህሬን ላይ አንዱ መኪናው ቆመ፣ ሌላው ሹፌሩ ኖሪስም መጨረሻ ገባ። ሐምሌ ላይ ግን ኖሪስ በእንግሊዙ ሲልቨርስቶን ሁለተኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የቡድኖችን ዋንጫ ከ1998 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰዱ። ሕጉም ራሱ ኋላ የቀረውን ይገፋል፦ አንደኛ የሆነ ቡድን ከመደበኛው የንፋስ ዋሻ (የመኪናው ቅርጽ በንፋስ የሚፈተንበት) ሙከራ 70 በመቶውን ብቻ ሲያገኝ አሥረኛው 115 በመቶ ይፈቀድለታል። እና እኔ አሁን ስወራረድ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ውድድሮች ብቻ ነው፣ ያውም በአንድ ማኪያቶ።