ስለ ዊሊ ኦሪ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ ባለፈው ፌብሩዋሪ፣ በጥቁሮች ታሪክ ወር፣ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ወረቀት እስካሁን ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። መሃሉ ላይ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ የዊሊ ኦሪ ፎቶ አለ። ከሥሩ ሦስት መስመር ጽፏል፦ በኤን.ኤች.ኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር። የሆኪው ጃኪ ሮቢንሰን። በ2018 በተጫዋችነቱ ሆል ኦፍ ፌም የገባ። (ኤን.ኤች.ኤል የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ ነው፤ ጃኪ ሮቢንሰን በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ የቀለም አጥሩን የሰበረው ጥቁር ተጫዋች ነው፤ ሆል ኦፍ ፌም ደግሞ የስፖርቱ ታላላቆች የሚዘከሩበት የክብር ቤት ነው።)

ሦስተኛው ስህተት ነው። ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ግን ብቻውን ሲቆም ሰውየውን ያሳንሰዋል።

ልጁን አልወቅሰውም። እኛ ወላጆቹም እንደዚሁ ነው የምናወራው። እዚህ ካናዳ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ልጆቻችንን ቀስቅሰን፣ ያን የሚያህል ሻንጣ ተሸክመን የበረዶ ሜዳ የምንወስድ ሐበሾች አለን። ልጁ «እኔን የሚመስል ተጫዋች ማን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው የዚህ ሰው ስም ነው። ስለዚህ በትክክል ብናወራው ደስ ይለኛል። የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«የመጀመሪያው ጥቁር» ብሎ ታሪኩን መዝጋት

ጃንዋሪ 18 ቀን 1958፣ ሞንትሪያል ፎረም። የ22 ዓመቱ የፍሬድሪክተን ልጅ በቦስተን ብሩይንስ ማልያ በግራ ክንፍ ተሰልፎ ገባ። ብሩይንስ የሞንትሪያሉን ቡድን ካናዲየንስን 3 ለ 0 አሸነፈ። ያ ምሽት በየዓመቱ ይዘከራል፣ መዘከርም አለበት። ችግሩ ብዙ ሰው ከዚያ ተነስቶ «በሩ ተከፈተ፣ ሌሎቹም ተከትለው ገቡ» ይላል። አልገቡም። ዊሊ ራሱ ያን ሰሞን 2 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ወደ ታችኛው ሊግ ተመለሰ። ብሩይንስ እንደገና የጠራው በ1960-61 ነው። 43 ጨዋታ ተጫወተ፣ 4 ጎልና 10 አሲስት አስመዘገበ። የመጀመሪያ ጎሉን ያገባው በአዲስ ዓመት ቀን 1961፣ ቦስተን ውስጥ፣ ያንኑ ካናዲየንስ ላይ ነው። ከዚያ ወቅት በኋላ ብሩይንስ አሳልፎ ሰጠው፣ በኤን.ኤች.ኤልም ዳግም አልተሰለፈም። ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች ማይክ ማርሰን በዋሽንግተን ካፒታልስ ማልያ የገባው በ1974 ነው። በመሃል አሥራ ሦስት ዓመት አለ። እንግዲህ ይሄ የተከፈተ በር ከተባለ፣ አንድ ሰው አሳልፎ መልሶ የተዘጋ በር ነው።

«45 ጨዋታ ብቻ? ያን ያህል ተጫዋች አልነበረም ማለት ነው»

ይቺን ስሰማ ያመኛል። ሰዎች ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፣ ቁጥሩን አይተው ነው። ግን ሁለት ነገር ይረሳሉ።

አንደኛው ዓይኑ ነው። ገና ወጣት ሊግ እየተጫወተ ሳለ፣ በ1955-56 ወቅት፣ የተመታች ፓክ (የሆኪዋ ጠንካራ የጎማ ዲስክ) ቀኝ ዓይኑ ላይ አረፈች። ሐኪሙ ሆኪ አበቃልህ አለው። የቀኝ ዓይኑ ብርሃን 95 በመቶ ጠፍቶ ነበር። እሱ ግን በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ተመለሰ፣ ለክለቦቹም ትንፍሽ አላለም፤ ምክንያቱም የሊጉ ደንብ በአንድ ዓይኑ የማያይ ሰው እንዲጫወት አይፈቅድም ነበር። በኤን.ኤች.ኤል የተጫወታቸው 45ቱም ጨዋታዎች ከዚያ ጉዳት በኋላ የመጡ ናቸው። በአንድ ዓይን።

ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ለልጄ ለማሳየት ምድር ቤት ወረድን። ቀኝ ዓይኑን በፋሻ ከለልኩለት፣ ስቲኩን፣ የሆኪ ዱላውን፣ ያዘ፣ እኔ በቀኙ በኩል ቆሜ ፓኳን አንሸራተትኩለት። አላያትም። ሁለተኛውንም አላያትም። በሦስተኛው ጭንቅላቱን በቀኝ ትከሻው በኩል ሙሉ ለሙሉ አዙሮ በግራ ዓይኑ አያት፣ ግን ሲያዞር ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ አጣ። ግራ ክንፍ የሚጫወት ሰው ዕጣው ይሄ ነው። መሃል ተጫዋቹ በቀኙ ነው ያለው፣ ፓኳም የምትመጣለት ከቀኝ ነው፣ ሊገጨው የሚንደረደረውም እንደዚያው። ዊሊ ይህን ያደረገው በዚያ ፍጥነት፣ ያለ ሄልሜት፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ከኤን.ኤች.ኤል በኋላ ያለው ነው። ሎስ አንጀለስ ብሌድስ የሚባል የታችኛው ሊግ ቡድን ሲገባ ወደ ቀኝ ክንፍ አዛወሩት። አሁን ሜዳው በሙሉ በደህናው ዓይኑ በኩል ሆነለት። ውጤቱስ? በ1964-65 38 ጎል። ከዚያ እዚያው ሊግ ውስጥ ወዳለው ሳንዲዬጎ ጋልስ ሄደና በ1968-69 እንደገና 38 ጎል። በዚያ ሊግ በአራት የተለያዩ ወቅቶች 30 እና ከዚያ በላይ አግብቷል። የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው በ1978-79 ነው፣ በ43 ዓመቱ! የጋልስ ማልያው፣ 20 ቁጥር፣ ሳንዲዬጎ ባለው የስፖርት አዳራሽ ጣሪያ ሥር ተሰቅሏል። ታዲያ ይህን ሰው በ45 ጨዋታ ብቻ መለካት ፍርድ ማጓደል ነው የምለው ለዚህ ነው። እሱ በተጫወተበት ዘመን ኤን.ኤች.ኤል ስድስት ቡድን ብቻ እንደነበረውም አይረሳ። በ1967 ወደ 12 ከፍ ሲል እሱ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎል እያገባ ነበር።

«ከሱ በፊት ብቁ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም»

ነበር። የካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ጥቁሮች በ1895 የራሳቸውን ሊግ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ አቋቁመዋል፣ ኤን.ኤች.ኤል ገና ሳይወለድ። ኸርብ ካርኔጊ የሚባል የቶሮንቶ ልጅ ደግሞ በ1940ዎቹ በሚያስደንቅ ችሎታ ተጫውቶ፣ ከኤን.ኤች.ኤል ደጃፍ አልፎ መግባት ሳይችል ቀርቷል። ሆል ኦፍ ፌም ያስገባው በ2022 ነው፣ እሱም ካረፈ በኋላ። «ካናዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ለሚል ሰው የካርኔጊን ስም ብቻ ጥቀሱለት።

«የሆኪው ጃኪ ሮቢንሰን»

ይህን ቅጽል ጋዜጦቹም ስለለመዱት ከቋንቋችን አይወጣም። ግን ጠንቀቅ ብለን እንጠቀምበት። ሮቢንሰን ዶጀርስ በሚባለው የቤዝቦል ቡድን አሥር ወቅት ተጫውቷል፣ በ1949 የሊጉ ኮከብ ተብሏል፤ ከጀርባው ሆን ብሎ ያቀደለት የክለብ ኃላፊ ነበረው። ዊሊ እቅድ ያወጣለት አልነበረም። ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ኩቤክ ወዳለው የታችኛው ሊግ ቡድኑ ተመለሰ፣ ጋዜጦቹም ብዙም አላሉ።

ይልቅ ከቅጽሉ ይበልጥ የሁለቱ መገናኘት ነው መተረክ ያለበት። በ1949 የዊሊ የሰፈር ቤዝቦል ቡድን ኒው ዮርክ ሄዶ የዶጀርስን ጨዋታ አየ። ከጨዋታው በኋላ ልጁ ዊሊ ሮቢንሰንን ጨበጠውና ቤዝቦል ብቻ ሳይሆን ሆኪም እጫወታለሁ አለው። ሮቢንሰን ጥቁር ልጆች ሆኪ ይጫወታሉ እንዴ ብሎ ተገረመ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ ሎስ አንጀለስ አንድ የምሳ ግብዣ ላይ እንደገና ተገናኙ። ስሙን ሲሰማ ሮቢንሰን አስታወሰው። ያንን የሆኪ ልጅ!

«ሁሉንም ችሎ ዝም ያለ ሰው»

ይቺ የወላጆች ስህተት ናት፣ በተለይ የኛ። ልጁ ሜዳ ላይ ተሰድቦ ሲመጣ «ዊሊ ኦሪን አየኸው? ዝም ብሎ ነው ያሸነፈው» እንላለን። እንዲህ አልነበረም። በ1956 በአሜሪካ ቤዝቦል ሙከራ ሊያደርግ ጆርጂያ ወርዶ፣ «ለነጮች»፣ «ለጥቁሮች» ተብሎ የተጻፈበትን ሁሉ በዓይኑ አይቶ ነው የተመለሰው። ወደ ሰሜን ሲመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ጀምሮ፣ ከደቡብ በራቀ ቁጥር ወደ ፊት እየቀረበ ነው የተጓዘው። በኤን.ኤች.ኤል ደግሞ ቺካጎ ውስጥ አንድ ተጋጣሚ ሰድቦት፣ በስቲኩ ጫፍ ፊቱን መትቶ የፊት ጥርሱን አወለቀበት። ዊሊ ስቲኩን አንስቶ መለሰለት። ለስድብ አልደባደብም፣ ሲመቱኝ ግን አልተዋቸውም የሚል ሰው ነበር። ትዕግሥቱን ለልጆቻችን ስንነግር ይህንንም አብረን እንንገራቸው፣ ያለዚያ ዝም ማለትን ብቻ ነው የሚማሩት።

«ሊጉ ወዲያው አክብሮ ያዘው»

እስካሁን «እሱ» እያልኩ ነው የጻፍኩት፣ ስለ ወጣት ተጫዋች ነውና። ከዚህ በኋላ «እሳቸው» ማለት ይቀናኛል።

ሆኪ ካቆሙ በኋላ ማንም አልፈለጋቸውም። ሳንዲዬጎ ቀሩ፣ ቤተሰብ ያስተዳድሩ ነበርና ያገኙትን ሥራ ሠሩ። በመጨረሻ ኮሮናዶ ባሕር ዳር ባለው ትልቁ ሆቴል የጥበቃ ሠራተኛ ሆኑ። ታሪክ የሠሩ ሰው፣ የሆቴል እንግዶች በአጠገባቸው ሲያልፉ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር? በጥበቃ ሥራ የሚያድር አባት ወይም አጎት ለሌለው ሐበሻ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። እንደዚያ ዓይነት ሐበሻ ግን ብዙም የለም። ስለዚህ ይህን ክፍል እንደ ውርደት አንዝለለው። የሰው ኑሮ ነው።

ኤን.ኤች.ኤል የፈለጋቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፣ 60 ዓመት ካለፋቸው በኋላ። ጥሪው የመጣው ብራያንት ማክብራይድ ከሚባል፣ በሊጉ ጽሕፈት ቤት ከነበረ ጥቁር ኃላፊ ነው። የተሰጣቸው ሥራ ሆኪ ባልደረሰባቸው የከተማ ሰፈሮች ያሉ ልጆችን ወደ በረዶ ማምጣት ነበር። እኔ የኦሪ ትልቁ ሥራ ከዚህ ይጀምራል ባይ ነኝ። በሰሜን አሜሪካ ከተሞች እየዞሩ 39 የሰፈር ፕሮግራሞች እንዲቋቋሙ አግዘዋል። በዚያ ሥራ ከ120 ሺህ በላይ ልጆች ደርሰዋል።

ሆኪ ውድ ስፖርት ነው። ልጁ ሦስት ወር ሳይሞላው ስኬት ጫማው ይጠበዋል፣ ስቲኩ ይሰበራል፣ የሜዳ ኪራዩ አለ። ለብዙ ልጆች አጥሩ ቀለም ብቻ አይደለም፣ ገንዘብም ነው። እነዚያ ፕሮግራሞች ዕቃውንም ሜዳውንም በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ይሰጣሉ። አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ ላይ ሲቆም አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ሁለቱም ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የአሠልጣኙን እጅ እንደ ምሰሶ ነው የሚይዘው። ኦሪ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው ከእንደዚህ ዓይነት ልጆች ጋር ነበሩ።

«በተጫዋችነታቸው ሆል ኦፍ ፌም ገቡ»

የልጄ ሦስተኛ መስመር። በኖቬምበር 2018፣ በ83 ዓመታቸው፣ ቶሮንቶ ላይ የገቡት በተጫዋችነት ሳይሆን «ቢልደር» በሚባለው ዘርፍ ነው። ስፖርቱን ለገነቡ ሰዎች የተለየ ቦታ ነው። የትውልድ ከተማቸው የፍሬድሪክተን ወዳጆቻቸው ናቸው ስማቸው እንዲቀርብ የገፉት። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ዝቅ ያለ ክብር ይመስለዋል። አይደለም። ተጫዋች በጎል ይገባል። እሳቸው የገቡት ማንም ባያያቸው ጊዜ በሠሩት ነው። በነገራችን ላይ፣ በተጫዋችነት የገባው የመጀመሪያው ጥቁር ግብ ጠባቂው ግራንት ፉር ነው፣ በ2003። ሁለቱን አናደባልቅ።

ስለ 22 ቁጥር

ብሩይንስ ኦሪ የለበሱትን 22 ቁጥር ማልያ ሌላ ማንም እንዳይለብሰው ያሰናበተው ጃንዋሪ 18 ቀን 2022 ነው፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ ልክ 64 ዓመት በኋላ። ኮቪድ ስለነበረ ኦሪ ቦስተን አልሄዱም፣ ከሳንዲዬጎ በቪዲዮ ነው የተከታተሉት። «ቆመው እንባቸውን እየጠረጉ» ብሎ የሚተርክ ካለ አትመኑት። ያው ወር ሳያልቅ ፕሬዚዳንት ባይደን የአሜሪካ ምክር ቤት የወርቅ ሜዳልያ እንዲሰጣቸው የሚያዘውን ሕግ ፈረሙ።

ልጄ አሁን ወረቀቱን ሊያስተካክል ተነስቷል። ሦስተኛውን መስመር ሰርዞ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጠየቀኝ፣ «ቢልደር በአማርኛ ምንድን ነው?» አለኝ። ገንቢ አልኩት። በእርሳስ ጻፈው። ከዚያ ከፎቶው ሥር ባለችው ባዶ ቦታ «አንድ ዓይን» ብሎ ጨመረ፣ ይቺን ሳልነግረው።