ክርስቲያን ሆኖ ዲጄ መሆን፦ ማታው ሳይመጣ በቀን የሚወሰኑ ነገሮች

ጌታን እወዳለሁ ዲጄነቱንም እወዳለሁ ታዲያ ምን ላድርግ ብለው ለሚጠይቁኝ ልጆች ነው ይሄን የምጽፈው። እኔ አሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው የምሰራው፣ አርብ አርብ ሃውስና አፍሮ ሃውስ የሚባሉትን የክለብ ጭፈራ ሙዚቃዎች፣ ቅዳሜ ደሞ ባብዛኛው የሀበሻ ሰርግና ልደት፣ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። አንተ እያልኩ የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው፣ ሴት ዲጄዎችም እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እናንተ ላይ ፈተናው እንደሚብስም አውቃለሁ።

መጀመሪያ ጥቅሱን እንጋፈጠው፣ ሁላችንም ያደግነው በሱ ነውና። ገላትያ 5፥21 ላይ ከስካር ቀጥሎ "ዘፋኝነት" ይላል፣ ሮሜ 13፥13 ላይም "በዘፈንና በስካር አይሁን" ይላል፣ እና በኛ ሰው ዘንድ አንድ ልጅ መዝሙር ያልሆነ ነገር ሲጫወት ከተገኘ ወዲያው የሚጠቀስለት ይሄ ነው። እኔም ተጠቅሶልኝ ከኳየር ወጥቻለሁ። ከዛ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳጠና የግሪኩ ቃል "ኮሞስ" እንደሚባል ገባኝ፣ ሰዎች ከግብዣ ላይ ሰክረው ወጥተው ችቦ ይዘው በየመንገዱ የሚጨፍሩት ልቅ ፈንጠዝያ ማለት ነው እንጂ ዜማ ወይ ከበሮ ማለት አይደለም። ደሞ እዛው በኛው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 2ኛ ሳሙኤል 6 ላይ ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት በሙሉ ኃይሉ "ይዘፍን ነበር" ይላል። ግን ይሄን አውቄያለሁ ብሎ እፎይ ማለት አይቻልም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የምንሰራበት ቤት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲታይ ጳውሎስ የተናገረው ነገር ራሱ ነው፣ ስካሩም ልቅነቱም እዛው አለ። ስለዚህ ለኔ ትልቁ ጥያቄ ሙዚቃ ይፈቀዳል ወይ የሚለው አይደለም፣ እዛ መሃል የቆምኩት እኔ ምን እያደረግኩ ነው የሚለው ነው። የሮሜው ጥቅስ ሲጀምር "በቀን እንደምንሆን በአገባብ እንመላለስ" ነው የሚለው፣ ይቺን ቃል እንደ ስራ መመሪያ ነው የያዝኳት፣ ሌሊት የሚያጋጥምህን በቀን፣ ሳትደክም፣ ጭንቅላትህ ንጹህ እያለ ወስነህ ግባ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፣ መስራት የሌለበት ሰው አለ። ከመጠጥ ወይ ከሌላ ሱስ ከወጣህ ገና ጥቂት ወር ከሆነህ ክለብ አትግባ፣ ቤትህ ሆነህ ፕሮዲውስ አድርግ፣ ሚክስ ቀርጸህ ልቀቅ፣ የልጆች ልደት ስራ። በእያንዳንዱ ጊግ (የዲጄ ስራ) ማግስት ህሊናህ የሚወቅስህ ከሆነም ሮሜ 14፥23 "በእምነትም ያልሆነ ሁሉ ኃጢአት ነው" ይላል፣ ሌላው ዲጄ ሰላም ስላለው አንተም ሰላም ሊኖርህ ይገባል ማለት አይደለም።

እሰራለሁ ካልክ ግን የምትገባበትን ቤት ታሪክ እወቅ። ሃውስ ስሙን ያገኘው ቺካጎ ውስጥ ዌርሃውስ ከሚባለው ክለብ ነው፣ በ1977 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተከፍቶ ፍራንኪ ናክልስ የሚባለው ዲጄ የሚጫወትበት ማለት ነው፣ የሚመጡት ሰዎች ባብዛኛው ጥቁሮችና ላቲኖዎች፣ ብዙዎቹ ደሞ ግብረ ሰዶማውያን ስለሆኑ ሌላ ቦታ በር የተዘጋባቸው ነበሩ። የሃውስ ቮካሊስቶች አዘፋፈን ደግሞ ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ነው የመጣው፣ ፒያኖውም ጩኸቱም እዛ ነው ያደገው። ይሄን የምነግርህ እንደ ጻድቅ አፍንጫህን ይዘህ ዲጄው የሚቆምበት ቡዝ ላይ እንዳትወጣ ነው፣ የምትበላውን እንጀራ የጋገሩልህ እነዛ የተገፉ ሰዎች ናቸው። በእምነቱ ጸንቶ እዛው የሰራም አለ፣ ሮበርት ሁድን ውሰድ፣ ቴክኖ ከሚባለው የማሽን ዳንስ ሙዚቃ የዲትሮይት ስመ ጥር ዲጄዎች አንዱ ነው፣ የተሾመ የወንጌል አገልጋይ ነው፣ ከልጁ ከሊሪክ ጋር ፍሎርፕላን በሚል ስም ጎስፔል (የጥቁሮች መዝሙር) ያለበት ቴክኖ ትልልቅ ክለቦች ላይ ይጫወታል። ፖርቹጋላዊው ካህን አባ ጊየርሜ ፔሾቶም በ2023 ነሐሴ ላይ ሊዝበን የዓለም ወጣቶች ቀን ሲከበር ከጳጳሱ ቅዳሴ በፊት ንጋት ላይ ቴክኖ ተጫውቶ ሜዳው ላይ ያደሩትን ወጣቶች ቀስቅሷል። ሁሉም ሰው እንደነሱ ያድርግ እያልኩ አይደለም፣ የኛ ሰው እንዲህ አይነት ነገር ቢያይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። መንገዱ ላይ የመጀመሪያው አንተ እንዳልሆንክ ለማለት ነው።

አሁን ወደ ስራው። እሮብ ወይ ሀሙስ ላይ ላፕቶፕህን ከፍተህ የሳምንቱን ፕሌይሊስት ሬኮርድቦክስ በሚባለው የዲጄ ፕሮግራም ላይ ስታዘጋጅ ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስማ፣ ድሮፑን (ቢቱ የሚፈነዳበትን ቦታ) ብቻ አይደለም። የደቡብ አፍሪካውን አማፒያኖ ስትጫወት ዙሉውን፣ ላቲን ስትጫወት ስፓኒሹን ትርጉሙን ፈልግ፣ እኔ ሴትን የሚያዋርድ ግጥም ያለበት ትራክ ሳላውቀው ሁለት አመት ተጫውቻለሁ፣ ቋንቋውን የምታውቅ ልጅ መጥታ ስትነግረኝ ነው ያወቅኩት። አልጫወትም የምትለውን ለብቻ ፎልደር ውስጥ አስገባና ማታ የምትይዘው ፍላሽ ላይ አትጫነው፣ ፍላሹ ላይ ከሌለ ሌሊት ላይ ሰው ሲጮህብህ አትፈተንም። ግሩቩን ከወደድከው ብዙ ጊዜ ኢንስትሩመንታል ወይ ደብ ቨርዥን (ድምጹ የተቀነሰበት ቅጂ) ይኖረዋል፣ እሱን ግዛ።

ሪክዌስት ላይ ደሞ ብዙ ዲጄ የሚያደርገውን አታድርግ፣ እያለህ "የለኝም" አትበል። ትንሽ ውሸት ትመስላለች ግን በአንድ ማታ 15 ጊዜ ትዋሻታለህ። "እሱን ዛሬ አልጫወተውም፣ ሌላ ምን ልጋብዝህ?" በለው፣ ሰው ከምታስበው በላይ በደንብ ይቀበላል። 20 ዶላር በቬንሞ (በስልክ ብር መላኪያ) ልኮ እምቢ ስትለው የማይሰማህ ካለ ብሩን መልስለት።

መዝሙርስ? ይሄ ብዙ የምጨቃጨቅበት ነው። እንግሊዝኛ ጎስፔል ሃውስ እጫወታለሁ፣ የሙዚቃው የራሱ ቤት ስለሆነ። የአማርኛ መዝሙር ግን ሰው ውስኪ ይዞ በሚዘልበት ቤት አልጫወትም፣ ቅዳሴ ወይ ያሬዳዊ ዜማ ቆርጬ ቢት ላይ አላስቀምጥም፣ ምን ያህል ቢያምር። ጭፈራው መሃል እናቷ ቤት ስትሰማው ያደገችውን መዝሙር ሰምታ ደንግጣ የቆመች ልጅ አይቻለሁ፣ ያን ማታ የተጫወተው ሌላ ዲጄ ነበር ግን ፊቷ ከአእምሮዬ አልወጣም። 1ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ስለ ደካማው ወንድም የተጻፈው እንዲህ ላለው ነው የሚመስለኝ። የኔን እምነት ለማሳየት ብዬ የሷን ቅዱስ ነገር አልጎትትም።

ትራኩን ከየት እንደምታመጣውም ያው እምነት ነው። ከዩቲዩብ እየቀዳህ የምትጫወት ከሆነ "አትስረቅ" የሚለውን ለማን እንደተጻፈ ጠይቅ። በተለይ የኛ አገር ሙዚቀኞች ስንት ተለፍቶበት የወጣ አልበም በአንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ተበትኖ ያያሉ። ሙዚቃ የሚሸጡ ድረገጾች አሉ፣ ቢትፖርት አለ፣ ባንድካምፕ አለ፣ ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ነው የሚወስደው፣ ከክፍያ ማስኬጃው ውጪ ሌላው ለአርቲስቱ ነው የሚሄደው። የሀበሻ ዘፈን የሚሸጥበት ካጣህ አርቲስቱን ወይ አሳታሚውን በቀጥታ ጻፍለት፣ እኔ እንደዛ እያደረግኩ ፋይሉን በዋቭ (ያልተጨመቀ ጥራት ያለው) ያገኘሁት ብዙ ነው፣ ድምጹም ከተቀዳው ጋር አይወዳደርም።

ፕሮሞተር (ዝግጅቱን የሚያዘጋጀው ሰው) ጋ ስትስማማ በጽሁፍ ይሁን፣ ስንት ሰዓት እንደምትጀምር፣ ስንት እንደሚከፈልህ፣ ቀብድ ስንት እንደሆነ። ፍላየሩን ሳይለጠፍ ላየው የሚል አንድ መስመር ጨምርበት፣ ስምህ ከራቁት ሴት ፎቶ ስር ወጥቶ እሁድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ከመደወሉ በፊት ማለት ነው። እንደ አማኝ ግን ያንተም ግዴታ እዛው ላይ ነው፣ ሰዓትህን አክብር፣ ከአንተ በፊት የሚጫወተውን ልጅ ዋርምአፕ (የማሞቂያ ሙዚቃ) አታቋርጥ፣ አብሮህ ለሰራ ረዳት እዛው ሌሊት ክፈለው። አንድ ፕሮሞተር ሶስት ወር ክፍያዬን ይዞብኝ ነበር፣ ከዛ ጊዜ ጀምሮ ለረዳቴ ሳልከፍል መኪና ውስጥ አልገባም።

መጠጡን ደሞ ከመጀመርህ በፊት ባርቴንደሯ ጋ ሄደህ ጨርስ። ስሟን ጠይቅ፣ "እህቴ እኔ ዛሬ ሶዳ በሎሚ ብቻ ነው፣ ሾት ቢልኩልኝም እሱኑ አድርጊልኝ" በላት፣ ቲፑን ግን እንደጠጣ ሰው ስጥ። ቡዝ ላይ የሚመጣው ሾት በሰዓት አራት አምስት ነው፣ እያንዳንዱን በየተራ እምቢ እያልክ ማታውን አትዘልቀውም።

ቮልዩም የእምነት ጉዳይ ነው ስል ሰው ይገርመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ደረጃ መዝናኛ ቤት ውስጥ ድምጹ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጸጉራማ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሥጋችሁ ቤተ መቅደስ ነው የሚለው ቃል ለዝሙት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የሙዚቀኛ ኢርፕላግ (የጆሮ መድፈኛ) ግዛ፣ ሚክሰሩ ቀይ ላይ ሲመታ ዝቅ አድርግ፣ ስፒከሩ ስር ልጅ ቆሞ ካየህ ሴኩሪቲውን ልከህ አስነሳው።

አሁን ዋናው፣ እኔ ዲጄ መሆን ያለብን ለዚህ ነው ብዬ የማምንበት። ከቡዝ ላይ ሆነህ ማንም የማያየውን ታያለህ፣ ብቻዋን ግድግዳ ተደግፋ የምትወዛወዘውን ልጅ፣ የማታውቀው ሰው እየጎተተ ወደ በር የሚወስዳትን፣ ሽንት ቤት ገብቶ ያልተመለሰውን። ከመጀመርህ በፊት ከሴኩሪቲው ጋር ምልክት ተነጋገር፣ የስልክ መብራት ሁለቴ ካበራሁ ና እኔ ጋ ምናምን። የሰው ሰውነት እንደ እሳት ከጋለ፣ ከተምታታበት ወይ ካልነቃ አምቡላንስ ጥራ፣ ራሱን ስቶ እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኛው፣ ብቻውን አትተወው፣ "ይተኛ ይሻለዋል" የሚል ጓደኛ አትስማ። ቦርሳህ ውስጥ ናርካን ይኑር፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ነው፣ ፌንታኒል የሚባለውን አደገኛ እጽና መሰሉን ወስዶ ትንፋሹ ለቀነሰ ወይ ላቆመ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሀኪም ማዘዣ ፋርማሲ ይሸጣል። በክለቦቿ የምትታወቀው የስፔን ደሴት ኢቢዛ ላይ 24-7 ፕሬየር የሚባሉት እንግሊዝ አገር የጀመሩ ክርስቲያኖች ከ2000 ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የሰከሩትን ከመንገድ እያነሱ ሆቴላቸው ሲያደርሱ ኖረዋል፣ ያቺ ደሴት ላይ ማይክ ይዞ ከመስበክ ያ የበለጠ ተሰምቷል ብዬ አምናለሁ። አንተም ማይክ ላይ አትስበክ። ሰው ራሱ ይመጣል፣ ውጪ አየር ልትወስድ ስትወጣ "አንተ ለምንድነው የማትጠጣው" ይልሃል፣ ያኔ አጭርና እውነተኛ መልስ ይኑርህ፣ ቀጥለህ ደሞ እሱን ስማው፣ አብዛኛው የሚፈልገው የሚሰማው ሰው ነው።

እሁድን አስብ። ዲሲ አርብና ቅዳሜ መጠጥ የሚሸጠው እስከ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ ኬብል ጠቅልለህ ቤት ስትገባ 10 ተኩል፣ ጠዋት 4 ሰዓት አምልኮ አለ፣ ኦርቶዶክስ ከሆንክማ ቅዳሴው ተጀምሯል። ከዚህ በጉልበት መውጣት አይቻልም፣ ካላንደሩን ነው መቀየር። እኔ ክለብ ከሆነ ቅዳሜ የመክፈቻውን ሰዓት ነው የምጠይቀው፣ ከማታ 4 እስከ ሌሊት 6፣ ክፍያው ያንሳል ግን ሙዚቃው እንደውም ነጻ ነው፣ 118 ቢፒኤም (በደቂቃ የሚመታ ምት) ላይ ቀስ ብለህ ሰው ስትሰበስብ ማለት ነው። የኦርቶዶክስ ልጆች ደሞ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰርግ የለም፣ ስራ ቀዘቀዘ ብለህ አትማረር፣ የድሮ ላይብረሪህን አጽዳበት፣ ቅዳሴ ሂድበት።

ካላንደርህንና ሂሳብህን የሚያይ አንድ ሰው ይኑርህ፣ የንስሐ አባት ወይ የሴል መሪ ወይ ባለቤትህ። እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ በ1986 የተጀመረ የሬቭ (የሌሊት ጭፈራ) ሙዚቃ ያለበት የአንግሊካን አምልኮ ነበር፣ ብዙ ወጣት ይመጣ ነበር፣ በ1995 መሪው ሴቶችን ይበድል እንደነበር ወጥቶ ተዘጋ። ሙዚቃው አልነበረም ያፈረሰው፣ ሰውየውን የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ ነው። ሆቴል ውስጥ ለብቻህ የምታድርበት ጊግ ካለ ስትጨርስ ቪድዮ ኮል አድርግ፣ ሺ ሰው ሲጮህልህ ቆይቶ በድንገት ጸጥ የሚልበት ሰዓት ነው ከባዱ።

ከመጀመሬ በፊት ጸሎቴ አጭር ናት፣ ኬብሉን ስሰካ ነው የምጸልየው፣ ዛሬ ሁሉም በሰላም ቤቱ ይግባ የምትል። ስጨርስ ደሞ የተረፈ ምግብ ካለ አስጠቅልዬ ነው የምወጣው፣ እዚህ ከተማ የፓርኪንግ ሰራተኛው ብዙ ጊዜ የኛ ሰው ነው፣ ጋሼ እንደምን አደሩ ብዬ እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸውም ነጋ እኮ ልጄ፣ ሂድ ተኛ ቤተ ክርስቲያን አለህ ይሉኛል።