«ኢዩትሮፊኬሽን» አፍ ላይ ሲሰበር፦ ችግርና መፍትሔ

ስለ ጣና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያቀርቡ ተማሪዎችን ሐይቁ ዳር እያስቀመጥኩ አለማምዳለሁ። ጥናቱን አሳምረው ሠርተው፣ «ኢዩትሮፊኬሽን» የምትለው ቃል ላይ ሲደርሱ ይንተባተባሉ፤ ውሃ ከመጠን በላይ ምግብ ሲገባበት የሚባለው ነው።

ምልክት፦ ቃሉ ስምንት ቦታ ይቆራረጣል፤ ኢ-ዩ-ት-ሮ-ፊ-ኬ-ሽ-ን።

መንስኤ፦ በአማርኛ ጽፋችሁ ፊደል መቁጠር። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ለብቻው ክፍለ ቃል አይሆንም። ባሕር ዳር አምስት ፊደል ነው፤ ሲጠራ ግን ባ-ሕር-ዳር፣ ሦስት። ባ-ሕ-ር-ዳ-ር እያለ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

መፍትሔ፦ «ኢ»ን ሰርዟት፤ እንግሊዝኛው የሚጀምረው በ«ዩ» ነው። ከዚያ ዩ-ትሮ-ፊ-ኬ-ሽን፣ አምስት። ት ከሮ ጋር ተጣብቃ ትውጣ።

አንዲት ልጅ ሃያ ጊዜ ሞክራ ሃያውንም ት ላይ ቆመች። ወረቀቷን ተቀብዬ ት እና ሮን በእርሳስ ከበብኳቸው። አንድ የደንገል ታንኳ እያለፈ ነበር፤ ሰውዬው በቀዘፈ ቁጥር አንድ ክፍል እንድትል ነገርኳት። አምስተኛው ቀዘፋ ላይ ቃሉ አለቀ። «በቃ? ይኸው ነው?» አለችኝ፣ እየተናደደች።

ምልክት፦ ክፍሉ ልክ ነው፣ ግን የውጭ ሰው አይገባውም።

መንስኤ፦ ጉልበቱ፣ ማለትም ጎላ ብሎ የሚጠራው ክፍል፣ ያለ ቦታው አርፏል። እኛ አንድን ድምፅ ጎላ አድርጉ ስንባል ማጥበቅ ይቀናናል፤ «ኬሽሽን» የሚሉትን ቆጥሬ አልጨርስም። ሽ አይጠብቅም! ኬ ነው ረዘምና ጠንከር የሚለው። በ«ሽን» የሚያልቁት ሁሉ እንደዚያው ናቸው፦ ፖ-ሉ-ሽን ሉ ላይ። ወደ ቅጽሉ «ዩትሮፊክ» ሲዞር ግን ጉልበቱ ትሮ ላይ ይሄዳል፤ ከ«ኢክ» በፊት ያለው ይወስደዋል። አደራ፣ ሁለቱን አታደባልቁ።

በእንግሊዝኛው ph አይቶ ፊን «ፕሂ» ማለት፦ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ፍ በሉና እለፉ።

ምልክት፦ «እንቦጭ ማለት ዩትሮፊኬሽን ነው» ብሎ ፈታኞች ፊት መቅረብ።

መንስኤ፦ የቃሉን ብልቶች አለማየት። «ዩ» በግሪክ መልካም፣ «ትሮፍ» ምግብ ነው። ውሃው ከመጠን በላይ በላ ማለት ነው፤ ምግቡም እንደ ጉማራና ርብ ያሉት ወንዞች ከማሳ ጠርገው የሚያመጡት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እንቦጭ ያንን ድግስ አግኝቶ የሚፋፋ አረም ነው። ተቃራኒውም ከዚያው ሥር ይወጣል፦ ኦሊጎትሮፊክ፣ «ኦሊጎ» ጥቂት፣ ምግብ ያነሰው ውሃ።

አንድ ነገር፦ ስልክ የሚያነብላችሁን አትመኑ፣ በተለይ በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ያስነበባችሁትን። እሱም ት ላይ ሊቆም ይችላል።