የስኳር ሕመም ዓይን ላይ ሲደርስ የሚሠሩ ስህተቶች

«አያመኝም፣ ደግሞም አያለሁ» ብሎ ከምርመራ መቅረት። በስኳር የተጎዱት የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ቀጫጭን የደም ሥሮች ፈሳሽ ማስረግ ሲጀምሩ ምንም ሕመም የለም። ብዥታው የሚመጣው ጉዳቱ ከሰፋ ወይም ማኩላ የሚባለው የሬቲና መሃል ካበጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ፣ ዓይነት አንድ ያለበት በ5 ዓመት ውስጥ ይመርመር፤ ከዚያ በየዓመቱ። የስኳር ታማሚ ሴት ካረገዘች በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ትታይ። ሰሌዳ ላይ ፊደል አንብቦ መመለስ ግን ምርመራ አይባልም፤ ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናው መታየት አለበት። ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ መኪና አትንዱ።

ስኳሩ ሳይረጋጋ መነጽር ማሠራት። ስኳር ሲወጣና ሲወርድ የዓይን ሌንስ ስለሚያብጥና እብጠቱ መልሶ ስለሚቀንስ የመነጽሩ ቁጥር ይቀያየራል። ከተረጋጋ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ጠብቁ። የሬቲናው ምርመራ ግን አይጠብቅም።

ብዥታን መደበቅ። ከሁሉም የሚያንገበግበው ይህ ነው። ዓይኑ የደከመ ታማሚ ቀድሞ የሚያጣው ስኳሩን በራሱ የመቆጣጠር አቅሙን ነው፤ ስለ ዓይኑ ግን የሚጠይቀው የለም። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ «መድኃኒትህን በአግባቡ አትወስድም» ይላል፣ ታማሚው አፍሮ ዝም ይላል፣ መጠኑ ይጨመርለታል። የኢንሱሊኑን ሲሪንጅ አንስታችሁ እስቲ እዩት። ባለ 100 ዩኒቱ ላይ ብዙ ጊዜ አንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት፤ ባለ 50ው ላይ ግን 1 ዩኒት። ቁጥሩን ማንበብ ትቶ መስመር እየቆጠረ የሚቀዳ ሰው፣ ሲሪንጁ በተቀየረ ቀን ግማሹን ወይም እጥፉን ይወጋል። እጥፉ ከሆነ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የአየር አረፋውም አይታየውም፤ ብልቃጡ ሊያልቅ ሲል ኢንሱሊን የቀዳ መስሎት አየር ይቀዳል። ስኳሩ ይወጣል፣ ሬቲናው ይብስበታል፣ መስመሩም ከበፊቱ የባሰ ይደበዝዛል።

ቀጠሮ ስትሄዱ ሲሪንጁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ነርሷ ፊት ቅዱና አሳዩ። ቤት ውስጥ ከሲሪንጁ ጀርባ ነጭ ወረቀት አድርጉ፣ ብርሃኑ ከትከሻችሁ በላይ ይምጣ፣ አጉሊ መነጽር ተጠቀሙ። ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ካለ በአንዱ ብልቃጥ አንገት ላይ ላስቲክ ጠምጥሙ፤ በጣት ይለያል። ይህም ካልረዳ ሌላ ሰው ይቅዳ፤ ምንም ነውር የለውም። ያው ሰው ማታ ማታ የእግራችሁን መዳፍም ይይላችሁ፤ የደነዘዘ እግር ላይ ያለ ቁስል አይሰማም፣ ለደከመ ዓይንም አይታይም።

«ሌዘሩ አላበራልኝም» ብሎ ማቋረጥ። ሌዘር፣ ማለትም ሬቲናውን በጨረር ማከም፣ በዋናነት የቀረውን የዓይን ብርሃን ለማቆየት ነው። የጎንና የማታ እይታን ሊቀንስ እንደሚችልም አስቀድሞ ሊነገር ይገባል፤ ያልተነገረው ሰው በጨለማ ደረጃ ላይ ሲደናቀፍ ሕክምናውን ይረግማል። ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌም ለመጀመሪያዎቹ ወራት አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ነው፤ ከተቋረጠ የማኩላው እብጠት ሊመለስ ይችላል። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙና ቅላቱ እየባሰ እይታው ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ተመለሱ።

ድንገት የሚመጣ አዲስ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ብልጭታ ወይም ከጎን የሚገባ ጥላም እንዲሁ፦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

ጠበል ሲገቡ ኢንሱሊን መተው። ይዛችሁ ሂዱ፣ ከፀሐይ ጠብቁት፣ በሰዓቱ ውሰዱ።

«ኮራ» ማለት። ይህ የጎረቤት ስህተት ነው። ማኩላው የተጎዳ ሰው መንገዱን እያየ ይሄዳል፣ ፊት ግን አይለይም። ለቅሶ ቤት ሰላም ሳይል ያልፋል፣ ይታማል፣ ሐሜቱን ሰምቶም ከእድሩም ከማኅበሩም ይቀራል። ለእድርተኛው ንገሩት፤ ሰላም ስትሉትም ስማችሁን አስቀድሙ።

ዓይኗ የደከመ እናትን ከጓዳ ማስወጣትም ደግነት አይደለም። ጥቁር ቡና በነጭ ስኒ ውስጥ በደንብ ይታያል፤ ነጩ ስኒ ደግሞ ጠቆር ባለ ረከቦት ላይ ጎልቶ ይለያል። ጀበናው፣ ጨውና ስኳሩ ቦታቸው እንዳይቀያየር ቤተሰቡ ይጠንቀቅ፣ መብራቱ ይጠናከር፣ የደረጃው ጠርዝ ደማቅ ቀለም ይቀባ። ቡናውን እሷው ታፍላ።